የአዴ ዋፊቃ ለቃሚዎች

አዴ ዋፊቃ ፊደል አልቆጠሩም። ቦሎቄ ግን በመዳፋቸው ዘግነው የመቂ ይሁን የቦፋ ሳያዩት ይናገራሉ። አዳማ ውስጥ ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ ባለው መጋዘናቸው ሃያ ሁለት ዓመት ቦሎቄ ከጠጠር ሲያስለቅሙ አንዲት ጆንያ ተመልሳባቸው አታውቅም። እስከ ዘንድሮ ጥር ድረስ።

ልጃቸው አብዱናሲር ማኔጅመንት ተምሮ ሲመረቅ በግ አረዱለት። ጉልበታቸውም እያስቸገራቸው ስለነበር መጋዘኑን አስረክበውት ቤት ዋሉ። ልጁ ሰነፍ አይደለም። በገባ በሳምንቱ ከጣሪያው ላይ ጥቂት ቆርቆሮ አስነቅሎ ብርሃን የሚያስገባውን አስመታበት፤ ሴቶቹም ዓይን ከማጨናበስ ተገላገሉ። ለዚህስ መርቀውታል። ቀጥሎ ያደረገውን ግን አልነገራቸውም።

በእሳቸው ጊዜ አሥራ አራቱ ለቃሚዎች ጎን ለጎን ተደርድረው ይቀመጡ ነበር። አንዷ ለቅማ የጨረሰችውን ሰፌድ ለጎረቤቷ ታቀብላለች። ጎረቤት ጠጠር ካገኘችበት ከፍ አድርጋ ታሳያለች፤ መጋዘኑ ሙሉ ይስቃል። የሌላዋን ጠጠር ለማግኘት የማትጓጓ ሴት አዳማ ውስጥ አልተፈጠረችም። አብዱናሲር ግን "አንድ ሥራ ለምን ሁለት ጊዜ ይሠራል? ወሬውም በዛ" ብሎ አራርቆ ለየብቻ አስቀመጣቸው። ክፍያውንም በጆንያ ቁጥር አደረገው። ጆንያው ቶሎ ቶሎ ሞላ፤ ከነጠጠሩ።

ሰኞ ጠዋት ቦሎቄውን ወደ ውጭ የሚልከው ድርጅት ሰው፣ ካሚል፣ ናሙና ዘግኖ አየና የተለቀመውን ሠላሳ ኩንታል በሙሉ አልቀበልም አለ። "ረቡዕ መኪና ይዤ እመጣለሁ። ያኔም ጠጠር ካገኘሁ ሥራው ለሌላ መጋዘን ይሰጣል።" ከዚህ ድርጅት ሌላ ደንበኛ የላቸውም።

አንጋፋዋ ለቃሚ ቶይባ ስልክ ደወለች። አዴ ዋፊቃ በባጃጅ ደረሱ። ልጃቸው በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

"እማ፣ ማበጠሪያ ማሽን ልከራይ ነው።"

"ማሽኑን ተወውና ምን እንዳደረግህ ንገረኝ።"

ነገራቸው። እስኪጨርስ ጠበቁት።

"አራት ዓመት ሙሉ የተማርከው ሴት ዝም ማሰኘት ነው?"

"መጽሐፉ የሚለው እኮ..."

"መጽሐፉ ቶይባን ያውቃታል? ቶይባ ካላወራች እጇ ያንቀላፋል። ጫልቱ ደግሞ የምትሰማው ወሬ ካላገኘች ለመሄድ ትቸኩላለች። እኔ ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ ያስቀመጥኳቸው ስለሚዋደዱ መሰለህ?"

"አንዋደድም" አለች ጫልቱ ከውስጥ።

ሴቶቹን እንደ ድሮው ደረደሯቸው። ክፍያው በቀን መሆኑን ነገሯቸው። ከዚያ ልጃቸውን ሰፌድ አስይዘው ከጫልቱ ጎን አስቀመጡት። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው ከሴት ጋር ቦሎቄ ሲለቅም ጎረቤት ቢያየው ምን ይላል ብሎ አንዴ ወደ በሩ ዞረ። እሳቸው ሄደው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

የመጀመሪያ ሰፌዱን ሲያቀብል ጫልቱ ጎርጉራ አንዲት ጠጠር አወጣችና ከፍ አደረገቻት።

"ኑ እዩ፣ ዲግሪ ያላት ጠጠር።"

ቶይባ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አብዱናሲርም ጆሮው እየቀላ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን ሰፌዱን ለጎረቤት ከመስጠቱ በፊት ሁለቴ ያይ ጀመር። አዴ ዋፊቃ ይህን አዩ።

ረቡዕ ካሚል መጣ። ከሰባት ጆንያ እየዘገነ ጠረጴዛ ላይ በተነ፤ በጣቱ አገላበጠ። ከሰባቱም ምንም አላገኘም። የርክክብ ወረቀቱን አወጣ።

"ሥራ አስኪያጁ ያው አብዱናሲር ነው አይደል?"

"አይደለም" አለ አብዱናሲር። "ዋፊቃ ጅብሪል ብለህ ጻፍ። እኔ ገና ለቃሚ ነኝ።"

"ለቃሚ ለመባልም ይቀርሃል" አሉ እናቱ። አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ፤ ቀስ ብለው፣ ሰው ሁሉ እያያቸው። ከዚያ ወደ ካሚል ዞሩ።

"የሚመጣውን ሳምንት ስልሳ ኩንታል አድርገው። ሠላሳ ለእኔ ልጆች አይበቃም።"