እባክህ አትከፈት

ይኸው ደግሞ አልተከፈተም፣ ተመስገን፣ ይላል ትዕዛዙ በሆዱ፣ ፊቱን ግን ቋጠር ያደርጋል፣ ሥራ ያስቸገረው ባለሙያ መምሰል አለበት፣ ከኋላው አልጋው ጫፍ ላይ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ማጅራቱን ያዩታል፣ አንደኛው ውዱ የሚባለው አባቱ ነው፣ ሁለተኛው አቶ እንየው፣ የሜላት አባት፣ እግዜር ከፈቀደ አማቱ የሚሆኑት፣ ካልፈቀደ፣ እሱን አያስበውም፣ ዛሬ አያስበውም። ስክሪኑ ይህን ዲስክ ማጫወት አልተቻለም ብሏል። እሰይ የኔ አንበሳ። እባክህ አትከፈት፣ ዛሬን ብቻ፣ ከነገ ጀምሮ እንደፈለግህ።

ምን አለ፣ ይላሉ አቶ እንየው፣ አልችልም አለ አያ እንየው፣ ማን ነው የማይችለው፣ እሱ ነው ወይስ አንተ፣ ኧረ እሱ ነው፣ አባቱ ከጎን ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ የአባቱ ጉሮሮ ከተጠረገ ነገር መጣ ማለት ነው፣ ልጄ የማይከፍተው ነገር የለም እንየው፣ ቆይ ብቻ ታያለህ። ወይ አባዬ። ምናለ ዝም ብትልልኝ።

ነገሩ የፈረስ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በጥር ሃያ ሦስቱ የፈረሰኞች በዓል፣ እዚሁ እንጅባራ፣ ካሜራ ተሸክመው የመጡ ፈረንጆች ሜዳውን ሲቀርጹ፣ አባቱና አቶ እንየው በሁለት ዳማ ፈረስ፣ ሁለቱም ነጭ በነጭ ለብሰው፣ የባሕር ዛፉን ጥግ እኩል ታጥፈው አቧራ ውስጥ ገቡ፣ ከአቧራው ማን ቀድሞ ወጣ፣ ይህችው ናት ነገሯ፣ ሌላ የለም። እኔ ቀደምኩ ይላል አባቱ። እኔ ነኝ እንጂ ይላሉ አቶ እንየው። ያየው ሕዝብ ግማሹ ለዚህ ግማሹ ለዚያ ይመሰክራል፣ ለቅሶ ቤት ይነሳል፣ ማኅበር ላይ ይነሳል፣ በአገውኛ ተጀምሮ በአማርኛ ይጦዛል፣ እንደገና ጋልበው እንዳይለዩ የአቶ እንየው ፈረስ ባለፈው ክረምት ሞተባቸው። አሁን ፈረንጆቹ ፊልሙን ጨርሰው ለምስጋና ብለው ለፈረሰኞቹ ዲስክ ላኩ፣ ፎር ኬ፣ የዝንብ ክንፍ የሚያስቆጥር ጥራት፣ ዳኛው መጣ ተባለ፣ ዳኛውን ማን ይክፈተው ሲባል ያ የውዱ ልጅ፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ። እኔ!

እና የሚመጣው እሑድ ከነትዕዛዙ ቤት ሽማግሌ ሊላክ ነው፣ ወደ ማን፣ ወደ አቶ እንየው፣ ወሬውም ቀድሞ ደርሷቸዋል። አባቱ ከቀደመ አቶ እንየው ሽማግሌዎቹን ከደጅ ይመልሷቸዋል፣ ለሚስቅብኝ ቤት ልጄን አልሰጥም ይላሉ፣ ያውቃቸዋል። አቶ እንየው ከቀደሙ ደግሞ አባቱ እንኳን ሽማግሌ ሊልክ በዚያ በኩል ባለው መንገድም አያልፍም። ጨርሶ ባይከፈትስ? ልጁ ምንድን ነው ሥራው፣ የሞተ ስልክ ያስነሳል አሉ፣ ብለው ያሾፉበት እኚሁ አቶ እንየው ናቸው፣ ዛሬ ደግሞ አንዲት ዲስክ አቃተው ይላሉ። ይበሉ። ከሦስቱ ውርደት ቀላሉ እሱ ነው፣ መርጦታል፣ ደስ ብሎት መርጦታል።

መጀመሪያ ዲስክ ማንበቢያው ያድነኛል ብሎ ነበር። ተራው ማንበቢያ ይህን ዓይነቱን ዲስክ አያውቀውም፣ ያስገቡትና ባዶ ነው ይላል፣ ልዩ ማንበቢያ ያስፈልጋል አያ እንየው፣ እሱ ደግሞ እንጅባራ ውስጥ የለም፣ ብሎ እፎይ ሲል ባሕር ዳር ሠርግ የሚቀርጸው ጓደኛው ምስጋናው እኔ ጋ አለ ብሎ በሚኒባስ ላከለት፣ ደግነቱን ዛሬ ባያደርገው ምን ነበረበት። ቀጥሎ ፕሮግራሙ። ዋናው ማጫወቻ ኮምፒውተሩን ይመረምራል፣ ያረጀ ከሆነ አልችልም፣ በጣም አዲስ ከሆነም አልችልም፣ መክፈቻውን ፋብሪካው ራሱ ከአዲሶቹ ላይ አንስቶታል፣ የሚችሉት መሃል ላይ የተሠሩት ብቻ ናቸው፣ የትዕዛዙ ደግሞ አዲስ ነው፣ ኮራ ብሎ የገዛው፣ አሁን ገና ነው የወደደው። ማንበቢያው ዲስኩን ማመን አለበት፣ ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩን፣ ኮምፒውተሩ ገመዱን፣ ገመዱ ስክሪኑን፣ አንዱ ከተጠራጠረ ሁሉም እጁን ይሰበስባል፣ ልክ እንደ ሽምግልና ነው አያ፣ ብሎ አስረዳቸው፣ ሽምግልና የሚለው ቃል ካፉ ሲወጣ ጆሮው ጋለ።

ይህ ሁሉ ፈቃድ ለአንድ ፊልም፣ አሉ አቶ እንየው፣ ስጦታ ብለው የላኩልን አይደለም እንዴ፣ በገዛ ዕቃችን ማንን ነው የምናስፈቅደው፣ እንዳይሰረቅ ነው አያ፣ እኔ ነኝ የምሰርቀው? ኧረ እርስዎ አይደሉም።

ስልኩ ጭኑ ላይ ይነዝራል፣ ሜላት ናት፣ ዳንግላ ከመድኃኒት ቤቷ ሆና፣ አይከፈትም በላቸውና ሸኛቸው፣ ብላ ጽፋለች፣ ሦስተኛ መልእክቷ መሆኑ ነው። ሊላቸው ነው። አፉን ከፈተ። በቃ እንሂዳ፣ ይላሉ አቶ እንየው ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ልጁ አልቻለም፣ ምን ይደረጋል፣ እና አባቱ ይቀላል፣ ሽበቱ ድረስ ይቀላል፣ ትዕዛዙን ያየዋል፣ እንዲህ ሲያየው አይወድም፣ እንዲህ ሲያየው እምቢ ማለት አይሆንለትም፣ እና እጁ፣ ይህ የማይረባ እጁ፣ ሥራ ሲያይ መታገስ የማይችል እጁ ሌላውን ፕሮግራም ይከፍታል፣ ነጻውን፣ ማንንም የማያስፈቅደውን፣ የዲስኩን ቁልፍ ከኢንተርኔት ፈልጎ የሚያመጣውን፣ ምን እየሠራህ ነው አንተ፣ ዝም ብለህ አትቀመጥም። ኔትወርክ ይጥፋ። መብራት ይሂድ። ሳምንቱን ሙሉ ሲሄድ የሰነበተ መብራት ዛሬ ቦግ ብሎ በርቷል፣ ኔትወርኩም ይሮጣል፣ ምን ነካቸው። ቁልፉ መጣ። ዲስኩ ውስጥ ውስጡን ያጉረመርማል።

ፈረሶች።

ድምፁ ነው የቀደመው፣ ኮቴው፣ ቀጥሎ ሜዳው፣ ውይ ሲያምር፣ እያንዳንዷ የሣር ጫፍ፣ ግን ምን ሆኗል፣ ሁሉ ነገር አመድ ነው፣ ሰማዩ አመድ፣ ሣሩ አመድ፣ ጉም የለበሰ ይመስላል፣ አሃ! ገባው። ፊልሙ የተሠራው ለደማቅ ስክሪን ነው፣ የሱ ስክሪን ግን ተራ ነው፣ ቀለሙን ለተራ ስክሪን ቀይር የምትል ምርጫ አለች፣ አንዴ መንካት ነው። እጁን ከማውሱ ያነሳል። ጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል። አባቱና አቶ እንየው ከአልጋው ተነስተው ወደ ስክሪኑ መጥተዋል፣ ትንፋሻቸው ትከሻው ላይ ነው፣ የባሕር ዛፉ ጥግ ይመጣል፣ አቧራው ይነሳል፣ ከአቧራው ሁለት ፈረስ ይወጣል፣ አንዱ በአንገት ቀድሟል፣ አቁም፣ አቁመው! ያቆመዋል።

አንዱ ቀድሟል። ማን? ሁለቱም ዳማ፣ ሁለቱም ጋላቢ ነጭ ለባሽ፣ ሁለቱም ፈረሱ አንገት ላይ አቀርቅሮ ፊቱ አይታይም፣ የሚለያቸው ግላሱ፣ የኮርቻው ልብስ ብቻ ነው፣ የአባቱ ፈረስ ግላስ አረንጓዴ፣ የአቶ እንየው ቀይ፣ ይህን አገር ያውቃል፣ እዚህ ግን ሁለቱም ግላስ አመድ ነው። የፈረሱ የጋማ ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ማን እንደሆነ አይታወቅም። እልል ሊል ምንም አልቀረው፣ ከንፈሩን ይነክሳል፣ ተመስገን፣ ተመስገን።

ትዕዛዙ፣ ይላሉ አቶ እንየው፣ በስሙ ሲጠሩት የመጀመሪያቸው ነው፣ ቀለሙን ማምጣት ይቻላል?

አይቻልም። በል እንጂ፣ አይቻልም በል፣ ምላስህ ጫፍ ላይ አይደለች፣ ማን ያውቅብሃል፣ ሜላትም በል ብላሃለች፣ አይቻልም አያ፣ ፈረንጆቹ አበላሽተው ነው የላኩት፣ በል፣ እና ዞሮ ያያቸዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ዙሪያው ውሃ አቅርሯል፣ የሞተውን ፈረሳቸውን ያዩበት ዓይን ነው፣ ነገ እኚህን ሰው አባባ ብሎ ሊጠራ፣ በየበዓሉ ጉልበት ሊስም፣ በየዓመቱ ይህችን ውሸት ይዞ ሊስም ነው?

ይቻላል፣ ይላል። አንዴ መንካት ነው።

አለቀ። ራሴን በራሴ፣ ሜላትዬ ይቅር በዪኝ። ይጠብቃል፣ ንካው እስኪሉት። አባቱን ያያል፣ ያ ጯሂ አባቱ መሬት መሬት ያያል፣ አቶ እንየውን ያያል፣ የጋቢያቸውን ጫፍ በጣታቸው ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ፣ እና ያኔ ነው የገባው፣ አያውቁም! ሁለቱም አያውቁም፣ አቧራ ውስጥ ሆነው ምን ሊያዩ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የጮኹት ስለማያውቁ ነው፣ አሁን እንደሱ ፈርተዋል፣ ከሱ ብሰው ፈርተዋል። የኔ ጌቶች። ሊያቅፋቸው ይቃጣዋል።

ተወው፣ ይላሉ አቶ እንየው ቀስ ብለው፣ ፈረሴን አየሁት፣ ይበቃኛል። እኔም በቃኝ፣ ይላል አባቱ፣ ፈጠን ብሎ፣ ከሚገባው በላይ ፈጠን ብሎ፣ ደግሞም ዓይን ያማል፣ ይህ ብርሃኑ። አዎ ዓይን ያማል። ትዕዛዙ ዲስኩን ያወጣዋል፣ ትኩስ ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ያስተኛዋል፣ እሱ ራሱስ ማየት አያምረውም፣ አያምረውም፣ በጭራሽ።

በሩ ላይ ይቆማሉ፣ ጠባብ ናት በሩ፣ አንተ ቅደም ውዱ፣ ኧረ አንተ ቅደም፣ በሞቴ፣ አይሆንም በእኔ ሞት፣ ውጭ የሚጠብቃቸው ባጃጅ ሁለቴ ይጮሃል፣ እነሱ ግን በትከሻ ሲገፋፉ ይቆያሉ፣ ማን ቀድሞ እንደወጣ ትዕዛዙ አላየም፣ እየሳቀ ነበር፣ ወይም እያለቀሰ፣ አልለየውም። ከዚያ የአቶ እንየው ራስ ብቻ ተመልሶ በበሩ ብቅ ይላል፣ ወደ ትዕዛዙ አያይም፣ ውጭ ወደ ቆመው አባቱ ነው የሚናገረው፣ ድምፁ ግን ለሁለቱም ይበቃል።

አይቻልም ማለት ይችል ነበር ልጅህ፣ ይላሉ። እኔ እሑድ የትም አልሄድም፣ ቤት ነኝ።

እሑድ ቤት ናቸው። እሑድ ቤት ነኝ አሉ፣ ሜላት፣ ስልኩ የታለ፣ ምን ብሎ ይጻፍላት፣ ተከፈተ ይበል፣ አልተከፈተም ይበል፣ እሑድ ቤት ናቸው፣ እሑድ