የአውራ ጣቴ ደም

ሁርጂ ዳሞር እባላለሁ፤ ከኮረብታው ነኝ፣ ቢል ከሚባለው የህንድ ነገድ። የቬራንጋድ ራጃዎች የሚነግሡት በእኛ ቤት ሰው ደም ነበር። አንዱ ራጃ ሲሞት የቤታችን አለቃ አውራ ጣቱን በፍላጻ ጫፍ ይበጣና ደሙን የወራሹ ግንባር ላይ ይቀባል። ራጃ የሚሆነው ያኔ ነው። አንድ አለቃ ደግሞ ይህን የሚያደርገው በዕድሜው አንዴ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ቢበጣ ደሙ ውሃ ነው ይላሉ አባቶቻችን። እኔ ይህን ጣት ለዚያች ቀን ስጠብቅ ሰባ ዓመት ሞላኝ። ቀኗ ስትመጣ መንግሥት ራጃ የሚባል ነገር የለም ብሎ ካወጀ ሁለተኛው በጋ ነበር። ዕድሌን አያችሁልኝ?

ራጃ ዳልፓት ሲንግ ያረፉት ንጋት ላይ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እሳቸው ሲሾሙም አልበሉ፣ ሲሻሩም አልቆጫቸው። ዝሆኖቹ ሄዱ፣ የመንግሥት አበሉ ቀረ፣ ጣሪያው አፈሰሰ፤ እሳቸው በረንዳቸው ላይ ሆነው ለርግብ እህል ይበትኑ ነበር።

ፍላጻዬን ይዤ ከግቢው ስደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ሬሳው ቃሬዛ ላይ ተኝቶ ብጫ አበባ ተነስንሶበታል። በሩ ተቆልፏል። የሟች ታናሽ ወንድም ጉማን ሲንግ በሩን ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ የአደን ጠመንጃቸው ጭናቸው ላይ፣ ቁልፉ አንገታቸው ላይ። ፊት ለፊታቸው የሟች ልጅ ሳማንት ነጭ ጨርቅ አገልድሞ፣ በባዶ እግሩ፣ ፍም የሞላ ገል ይዞ ቆሟል። ሳማንት ኡደይፑር ከተማ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ቀስት መሳብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቬራንጋድ ዙፋን ባዶ ሆኖ ሬሳ ከበሩ አይወጣም። መጀመሪያ ወራሹ ይነግሣል። የነገሠ ደግሞ አያለቅስም፣ ሬሳ አይከተልም፤ የአባቱን ሬሳ የሚያቃጥለውን እሳት ሌላ ዘመድ ይለኩሳል። ሳማንት ደግሞ እሳቱን ራሴ ካልለኮስኩ ብሏል።

«አጎቴ፣ በሩን ይክፈቱልኝ» አለ።

«መጀመሪያ ተቀመጥ።»

«የት ላይ? አይጥ የበላው መከዳ ላይ?»

«አይጥ ቢበላውም ዙፋን ነው።»

«ራጃ የለም ተብሏል እኮ።»

«ያ ያንተ መንግሥት ነው። ወንድሜን የሾመው እሱ አይደለም።»

«ሰኞ ተማሪዎቼ ፊት ግንባሬን በደም ተቀብቼ ልቁም?»

«ታጥበህ ትሄዳለህ፤ ምን ችግር አለው?»

ሳማንት ሳቀ። «አባቴ ጽፎልኛል። ‹እሳቱን አንተ፣ በገዛ እጅህ› ብሎኛል። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም፤ በሕይወቱ ሙሉ ምንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

«ታሞ ነበር። የታመመ ሰው ብዙ ይላል።»

ስምንቱ ተሸካሚዎች ግድግዳው ሥር ተኮልኩለዋል፤ ሁሉም የግቢው አሮጌ ሎሌዎች ናቸው። ሳማንት ወደ እነሱ ዞረ። «እናንተስ? አታነሱልኝም?»

«ራጃ በሌለው ቤት ሬሳ አናነሳም፣ ጌታዬ» አለ ትልቁ። እንደ በቅሎ ግትር ሰው ነው፣ ድሮም አልወደውም።

ቀኑ እየገፋ ሄደ። ሙቀቱ አያድርስ ነው፤ አበባው ጠውልጎ ዝንብ መውረር ጀመረ። ፀሐይ ከገባች ሬሳ አይቃጠልም፣ በዚያ ሙቀት ደግሞ ሬሳ አያድርም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ውጪ የተሰበሰበው ሕዝብ በሩን መደብደብ ጀመረ። የበሩ ጥላ ቃሬዛው ጋ ሲደርስ ሳማንት ገሉን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«በሩን እሰብረዋለሁ» አለ።

ጉማን ሲንግ ተነሡ። ጠመንጃውን አቀባበሉ፤ ድምፁ ግቢውን ሞላው። እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል። «አንድ እርምጃ እንዳትጨምር። ሁሉንም ወሰዱበት። ወንድሜ እንደ ተራ ሰው ከዚህ በር አይወጣም። ልጁ ብትሆንም እተኩሳለሁ።»

ሳማንት አንድ እርምጃ ጨመረ። ሽማግሌው እንደሚተኩሱ አውቄያለሁ፤ ከተኮሱ በኋላ ጠመንጃውን ወደ ራሳቸው እንደሚያዞሩም አውቄያለሁ።

«ሁርጂ!» አሉ ዓይናቸውን ከልጁ ሳይነቅሉ። «ምን ትጠብቃለህ? ቀባው!»

«አባባ ሁርጂ፣ ብትቀባኝ እስክሞት ይቅር አልልህም» አለ ሳማንት።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ከሃምሳ አንድ ዓመት በፊት ጣቱን የበጣው አባቴ ነበር፣ የነገሠው ዳልፓት። ሁለታችንም አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። ቀብተውት ሲያበቁ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ተከተልኩት። ከወንዙ ማዶ የአባቱ ጭስ ይታያል። እንዳያለቅስ የጥምጥሙን ጫፍ ነክሶ ቆየና፣ «ሁርጂ፣ እሳቱ አሁን እጁ ጋ ደርሶ ይሆን? ያ ራሴን የሚዳብሰኝ እጁ ጋ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ያ ጥያቄ እስከዚያች ቀን ድረስ እንደ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ነበር።

የፍላጻውን ጫፍ አውራ ጣቴ ላይ ሳብኩት። ደሙ ፈሰሰ። ጉማን ሲንግ አይተው ጠመንጃውን ዝቅ አደረጉ። ወደ ሳማንት ስራመድ ዓይኑን ጨፈነ።

አልፌው ሄድኩ። ቃሬዛው ሥር ተንበረከክሁና ደሜን በሟቹ ግንባር ላይ ቀባሁት። ግንባራቸው ቀዝቅዞ ነበር።

«ነገሡ» አልኩ። «ዙፋኑ ባዶ አይደለም። ራጃው ዳልፓት ሲንግ ናቸው፤ ራጃው ሊወጡ ነው። በሩን ክፈቱ።»



«ምን አደረግህ አንተ?» አሉ ጉማን ሲንግ። «ሞቶ የነገሠ ማን አለ?»

«እሳቸው አሉ።»

«ከእሳቸው በኋላስ?»

«ጣቴ ይኸው፣ ጌታው፤ ሁለተኛ አይበጣም። ልጄ አውቶቡስ ይነዳል፤ ፍላጻ መያዝ እንኳ አያውቅም። የእርስዎ ቤት ብቻ መሰለዎት ዛሬ የሚያልቀው?»

ይህን ስናገር ድምፄ ተሰበረ። አላፍርም፤ አለቀስኩ። ስንት ትውልድ የጠበቀውን ነገር በአንዲት ጣት ጨረስኩት።

ያ ግትር ተሸካሚ የሟቹ ግንባር ላይ ያለውን ደም አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ተነሥቶ የቃሬዛውን ጫፍ ያዘ። ሰባቱም ተከተሉት። ለእነሱ ሕግ ሕግ ነው፤ ራጃ አለ፣ ራጃ ይወጣል። ጉማን ሲንግ ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡ፤ እጃቸው ግን አልታዘዝ አላቸው። ሳማንት መጥቶ እጁን በእጃቸው ላይ አደረገና አብረው አዞሩት።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ፀሐይዋ ከኮረብታዬ ጀርባ ለመግባት አንድ ጣት ያህል ቀርቷት ነበር። ሳማንት ክምሩን ሦስቴ ዞረና ለኮሰው። እንጨቱ ደረቅ ስለነበር ቶሎ ያዘ። መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

ነበልባሉ መሐል ላይ ሲደርስ፣ «አሁን እጁ ጋ ደረሰ» አልኩ።

ሳማንት ለእሱ የነገርኩት መስሎት ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን የመለስኩት ለዳልፓት ነበር፣ ሃምሳ አንድ ዓመት ዘግይቼ።