ሳትታመም የተጠየቀችው ሯጭ

ክረምቱን ሙሉ ማኅሌት ስትሮጥ ያላየ የላሊበላ ሰው የለም። በጭቃውም፣ በበረዶውም፣ ጉም መንገዱን በዋጠበትም ጠዋት ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣውን ዳገት ትያያዘዋለች። በቅሎ አከራዮቹ ሥራ ፈተው ከዛፍ ሥር ተጠልለው፣ «ቱሪስት በሌለበት ወር ማንን ልታስጎበኝ ነው?» እያሉ ይስቁባት ነበር። እሷ ዳገቷን ትቀጥላለች። አሠልጣኟ ደሳለ፣ የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር፣ ዣንጥላውን ይዞ ከታች ይጠብቃታል።

እንዲህ የለፋችበት ነገር አንድ ነው። በመስከረም መጨረሻ ወልድያ ላይ ውድድር አለ፤ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡትን ደሴ ያለ ክለብ በደመወዝ ይወስዳቸዋል። የዕድሜ ገደብ ስላለው ለማኅሌት የመጨረሻ ዕድሏ ነበር። ዘመኑ 1998 ነው፤ የምርጫው ግርግር ገና ከሰው አፍ አልወረደም።

መስቀል እንደዋለ ደሳለ «በቃ» አላት። «ሥራው አልቋል። ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ሰውነትሽን አፍታችና ተቀመጪ። እግርሽ ቢከብድሽ አትደንግጪ፣ እያረፈ ነው።» ይህን ብሎ ለእናቱ ተዝካር ወደ ትውልድ ቀዬው ኩልመስክ ሄደ።

ተቀመጪ! ማለቱ ቀላል ነው። አገሩ በሙሉ አረም ላይ ባጎነበሰበት ወር አንዲት ጎረምሳ የምታህል ልጅ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ከዋለች ወይ ሰነፍ ናት፣ ወይ ታማለች። ማኅሌት ሰነፍ እንዳልሆነች ክረምቱ ምስክር ነው። እንግዲያው ታማለች ማለት ነዋ። ሰፈሩ በዚህ ተስማማ።

መጀመሪያ የመጡት ጎረቤቷ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ናቸው፣ ጸበል በሃይላንድ ይዘው።

«እግዜር ይማርሽ፣ ልጄ።»

«ኧረ አላመመኝም፣ እማሆይ። እያረፍኩ ነው።»

«አዎን፣ እረፊ፣ እረፊ። ሕመም መቼ ይነገራል።»

ማግስቱን የቀረው ጎረቤት መጣ። ዳቦ የያዘም፣ ባዶ እጁን የመጣም ነበር። እኛ ዘንድ የታመመ ሰው አለመጠየቅ ነውር ነው፤ ጠያቂ ደግሞ ዝም ብሎ አይወጣም። «ፊቷ ከሳ ብሏል» ይላል አንዱ። «እኔማ ቀድሞም ያ ሁሉ ብርድ ሳንባዋ እንዳይገባ ብዬ ነበር» ትላለች ሌላዋ። እናቷ አዛለች መጀመሪያ ትስቅ ነበር፤ በኋላ እሷም የልጇን ግንባር በእጇ እየዳሰሰች ትኩሳት ትፈልግ ጀመር።

እንዲህ እየተባለ ማን ጤነኛ ይሆናል? ማኅሌት ትንፋሿን ማዳመጥ፣ ጭኗን እየተጫነች መሞከር ያዘች። እግሯ እውነትም ከብዷል። ደሳለ ይከብድሻል እንዳላት አልረሳችም፤ ግን ደሳለ አንድ ሰው ነው፣ የሰፈሩ ሰው ብዙ ነው። ክረምቱን ሙሉ ያጠራቀመችው ጉልበት ሁሉ ተንኖ ያለቀ መሰላትና ፈራች።

መስከረም ሃያ አንድ፣ የማርያም ዕለት፣ ከሕዝቡ ጋር ወደ አሸተን ልትወጣ ተነሣች። ዳገቱ ሥር ባለበቅሎው ምሥጋናው አንድ ፈረንጅ አስቀምጦ ሲነሣ አገኛት።

«ማኅሌት! ምነው፣ አሞሻል አሉ? ነይ፣ ፈረንጁን ላውርደውና አንቺን በበቅሎ ላውጣሽ።»

ቀልዱን ነው። ምሥጋናው አፉ ነው እንጂ ክፉ ሰው አይደለም። እሷ ግን የዓመት ልፋቷን የሰደባት ያህል ቆጠረችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ «በቅሎህን ንዳ» አለችው።

በቅሎዋ ግማሽ ዳገት ላይ ቀረች። ማኅሌት እየሮጠች አናቱ ላይ ስትደርስ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ወንዶቹ አጨበጨቡ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ደስታው አሰከራትና «አላመመኝም፣ አላመመኝም» እያለች ያንን ሁሉ ድንጋይ ቁልቁል ደግሞ በሩጫ ወረደችው። መውጣቱስ ባልከፋ፤ የጎዳት መውረዱ ነው። ቁልቁለት ጭን እንደሚያደቅ ተራራ ላይ ለተወለደ ሰው መንገር ያሳፍራል፤ ነገር ግን «ተይ» ያላት አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ለውድድሩ ወልድያ መናኸሪያ ስትደርስ የአውቶቡሱን ደረጃ መውረድ አቅቷት በሩን ጨብጣ ቆመች። ከኩልመስክ መጥቶ ይጠብቃት የነበረው ደሳለ አይቷት ፊቱ ተለወጠ። ሁሉንም ነገረችው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

«ጥዬሽ መሄድ አልነበረብኝም» አለ ብቻ።

በማግስቱ ውድድሩን እስከ ግማሽ ድረስ መራች። ትንፋሿ አልከዳትም። ክረምቱን የሠራችው ሁሉ እዚያው ነበር፣ አንዱም አልጎደለም። የተንቀጠቀጠው ጭኗ ነው። አንዷ አለፈቻት፣ ሌላዋም አለፈቻት፤ መጨረሻ ላይ፣ የመጨረሻው መስመር እየታያት፣ የሻረግ የምትባል የጋሸና ልጅ አለፈቻት። ማኅሌት አራተኛ ወጣች።

ሲመለሱ የሻረግ እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ከጎኗ ተቀመጠች። ደሳለ ከፊት ነበር። ጋሸና ሲቃረብ ልጅቷ ጓዟን እየሰበሰበች ጎንበስ አለች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ። እኔ የመጣሁ ለሦስተኛነት ነበር። ክረምቱን ከላሊበላ የመጣ ነጋዴ ሁሉ ‹በበረዶ አሸተንን የምትወጣ ልጅ አለች› እያለ ስላንቺ ሲያወራ ነው የከረመ። አንደኝነቱማ የማኅሌት ነው፣ ለእኔ ሦስተኛ ይበቃኛል ብዬ ነው ስሠራ የቆየሁ። ሳልፍሽ እንኳ አላመንኩም። ሌላ ሰው መስለሽኝ ዞሬ አየሁሽ።»

ማኅሌት የልጅቷን ጓዝ አንሥታ አቀበለቻት። የማታውቃት ልጅ ክረምቷን አምናላት ነበር፤ ያላመነችው እሷ ብቻ ናት።

የሻረግ ጋሸና ላይ ወረደች፤ ወንድሞቿ መንገድ ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። መኪናው ወደ ላሊበላ ሲታጠፍ ማኅሌት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ደሳለም መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ፣ «አታልቅሺ» ግን አላላትም።