ገፊ

«ገፊ ነዋ! እናቱን ገፍቶ የመጣ!» አለች ሙሉ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ዳሱ ውስጥ ግን ያልሰማት አልነበረም። «አባቱ ዘማች ነው። ልጄንም እንዳይገፋብኝ ከቤቴ ይውጣልኝ።»

ጌጤ ሕፃኑን እንዳቀፈች ቀና አለች። ታናሽ እህቷ ትርንጎ ከተቀበረች ዛሬ ሣልስቷ ነው። ሙሉ የትርንጎ አማት ናት።

«የት ይውጣ፣ እትዬ ሙሉ?»

«ሮቢት ከተማ የሚያሳድገው ዘመድ አላጣም። እጁንስ አላየሽም? ከመወለዱ የተቀጣ!»

የሕፃኑ ቀኝ እጅ እንደ ረጠበ ጨርቅ ተንጠልጥሏል።

«ያረቢ!» አለች ከራሷ ልጅ እኩል የምታጠባው ጎረቤታቸው አሲያ። «ጡት ሲይዝ ብታዪው እንዲህ አትይም። ነብር ነው!»

ትርንጎ ሆዷ ገፍቶ ገበያ ስትወጣ «መንታ ነው?» ይሏት ነበር። «ግመል ነው፤ አፋሮቹ እንዳይሰሙብኝ» እያለች ታስቃቸዋለች። ባሏ ለብሔራዊ ውትድርና የታፈሰ ጊዜ የቀበሌውን ሊቀመንበር በገበያው መሀል አቁማ «የአንተስ ልጅ መቼ ነው የሚዘምተው?» ያለችው እሷ ናት። ምጥ ላይ ሆና እንኳ «ያዙኝ እንጂ አታልቅሱብኝ» ነበር ያለቻቸው።

የሕፃኑ ራስ ወጣ፤ ወዲያው እንደ ኤሊ ራስ ወደ ውስጥ ተሳበ። ትከሻው አልመጣም። ሴቶቹ «ግፊ! ግፊ!» እያሉ ጮኹ። ሙሉ በክንዷ የትርንጎን ሆድ ከላይ ተጫነች። ጌጤ አንገቱን ይዛ ሳበች። የክሊኒኩ ድሬሰር ታደሰ፣ አውራ ጎዳናው ለወታደር መኪና ተዘግቶበት ከዋጃ ዘግይቶ ሲደርስ «ልቀቁ!» ብሎ ጮኸባቸው። «ከላይ በተጫናችኋት ቁጥር ትከሻው ከአጥንቷ ጋር ይበልጥ ይጣበቃል!» ጉልበቶቿን ወደ ደረቷ አሳጠፈ፤ ከእንብርቷ በታች፣ ከብልቷ አጥንት በላይ፣ በመዳፉ ወደ ጎን ገፋ። ሕፃኑ ወጣ። የትርንጎ ደም ግን አልቆመም።

ጌጤ ተነሥታ ቆመች።

«ስሙኝማ! ይህ ልጅ ማንንም አልገፋም። ተይዞ ነበር። መግፋት ቢችልማ እናቱ ዛሬ እዚህ ነበረች። ‹ግፊ› ያልናት እኛ ነን። ከላይ የገፋሽው አንቺ ነሽ፣ እትዬ ሙሉ። እጁንም የቀጣሁት እኔ ነኝ፤ አንገቱን የሳብኩት እኔ ነኝ።»

«አፈሯ ሳይደርቅ ትከሺኛለሽ?»

«አልከስሽም። ሳናውቅ ነው። ግን የእኛን ስም ለእሱ አናወጣለትም። ገፊ ማለት ያማረው ሰው እኔን ይጥራኝ!»

ሙሉ ፊቷን በመዳፎቿ ሸፈነች። ከመዳፎቿ ሥር፣ «ታዲያ ምን ልበለው?» አለች።

«ልጄ በይው። እስኪጠመቅ ይበቃዋል።»

ጌጤ ቁጭ አለች። ከነጠላዋ ጫፍ ቀጭን ቁራጭ ቀደደች። የዛለውን እጅ በቀስታ አጥፋ ደረቱ ላይ አስተኛችውና፣ ታደሰ እንዳሳያት አድርጋ አሰረችው። ቋጠሮውን ልታጠብቅ ስትስብ ጣቶቿ ድንገት ቆሙ።

ትንሽ ላላ አደረገችው።