ባለ መዶሻው ወንድም

መምህርቷ ያን ቀን በክፍል ያስነበበችው አስፈሪ ታሪክ ሚስቱን በአሮጌ ቤት ቆልፎ ስለሚያኖር ሰውዬ ነበር። ተራኪው ራሱ ሰውየው ነው። ረጋ ብሎ፣ ቃል እየመረጠ፣ የቆለፈባት ደረጃው ላይ ከሚመላለሰው ጥላ ሊያድናት መሆኑን ያስረዳል።

«ጥላው ማን ነው?» ብላ መምህርቷ ጠየቀች።

ተማሪዎቹ ከዓመት ዓመት የሚመልሱትን መለሱ፤ የገዛ ፍርሃቱ ነው አሉ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እኔን ያስፈራኝ ጥላው አይደለም። ሰውየው ማንም ሳይጠይቀው ‹ጤነኛ ነኝ› እያለ ይምላል። ጤነኛ ከሆነ ምን አስጨነቀው?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህርቷ ግን ቀዝቃዛ ውሃ የተቸለሰባት ያህል ክው አለች። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ታላቅ ወንድሟ በር ላይ አስቁሟት፣ «የእማዬን ክፍል ቁልፍ የቀየርኩት ለደኅንነቷ ነው። ደግሞ አበደ እንዳትዪ፣ አእምሮዬ ሰላም ነው» ብሏት ነበር። እሷም «ማን አበድክ አለህ?» ብላ ስቃ ነው የወጣችው።

ወንድሟ አናጢ ነው። ከአለቃዬ ጋር አልተስማማሁም ብሎ ሥራ ካቆመ ሰንብቷል። ላይኛው ፎቅ ያለው ጎረቤት ወለሉ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጠናል፣ እማዬን ሊወስድብን ነው ይላል። ነገሩን ሁሉ በዝርዝር፣ በማስረጃ ስለሚያስረዳ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ወሬ ነው ብላ ስታልፈው ከርማለች። የመጽሐፍ ገጸ ባሕርይ ቢሆን ኖሮ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ትነቃበት ነበር። የእናቷ ልጅ ሲሆንባት ግን ማየት አቃታት።

ትምህርቱን አቋርጣ ወጣች። እናቷ ጋ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። የቤታቸውን ደረጃ እንዴት እንደወጣችው አታውቅም።

ቤቱ ሰጋቱራ ሰጋቱራ ይሸታል። መጋረጃው ሁሉ ተጋርዷል። በእናቷ በር ላይ ወፍራም ጣውላ አግድም ተመቷል። ወንድሟ በሩን ተደግፎ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ መዶሻው ጭኑ ላይ ነው።

«እማዬ?» አለች።

«አለሁ ልጄ። ውሃ ጠማኝ» የሚል ደካማ ድምፅ ከውስጥ መጣ።

«እማዬ፣ ዝም በይ! ላይ ያለው ይሰማሻል!» ብሎ ጮኸ ወንድሟ፤ ዓይኑን ከጣሪያው ሳይነቅል።

መምህርቷ ምላሷ ላይ የመጣው ስታስተምረው የኖረችው ነገር ነበር፤ የምትፈራው ሰውዬ ያለው አንተው ውስጥ ነው ልትለው። መዶሻውን አየችና ቃሉን ዋጠችው። ቀስ ብላ ከእግሩ ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ወንድም ጋሼ፣ ፈርተሃል አይደል?»

እስከዛሬ እንዲህ ብሎ የጠየቀው የለም።

«እንዴት አልፈራ? እኔ ካንቀላፋሁ ማን ይጠብቃታል?»

«እኔ አለሁ።»

ወደ እሷ ጎንበስ አለ። ትንፋሹ ፊቷን ነካት። «ትሰሚዋለሽ? እውነቱን ንገሪኝ። አሁን ይሰማሻል?»

አዎ ብትለው መዋሸቷን ያውቅባታል። የለም ብትለው ከጠላት ይደምራታል።

«እኔ አልሰማም» አለች። «አንተ ግን እንደምትሰማ አምናለሁ። ጭንቀት እየገደለህ ነው፣ እሱን አያለሁ።»

ብድግ አለ። መዶሻውን አነሳ። እሷም ራሷን ለመከለል እጇን ልታነሳ ቃጣትና ተወችው፤ ዓይኗን ጨፈነች።

ምስማር ሲንቋረር ሰማች። ገልጣ ስታይ ወንድሟ በመዶሻው ጭራ ጣውላውን እየነቀለ ነው፤ ትከሻው በለቅሶ ይናጣል። ሲጨርስ ቁልፉን አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረው።

እናትየው ወጡ። አልተቆጡም። ውሃውን በአንድ ትንፋሽ ጠጡና፣ «ና እስቲ፣ የኔ ልጅ» ብለው እጁን ያዙት። ሦስቱም በታክሲ ሆስፒታል ሄዱ፤ እሱ መሀል ተቀምጦ። ሐኪሙ ሕመም መሆኑን፣ መድኃኒትም እንዳለው፣ ጊዜ ግን እንደሚወስድ ነገራቸው።

እውነትም ወሰደ። ተኝቶ ከታከመበት ሆስፒታል ወጥቶ ግማሽ ቀን ግማሽ ቀን ወደ አናጢነቱ ተመልሷል። አንዳንድ ጠዋት ግን ካልጋው ሳይነሳ፣ «ዛሬ ጥሩ አይደለሁም» ይላታል። እሷም ምክንያቱን ሳትመረምር ቦርሳዋን ታስቀምጥና አጠገቡ ትቀመጣለች።