የኃላፊው ሱሪ እና የሠፈራችን ደረጃ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሠፈሩ «መቀስ» ይላታል። ስሙ የወጣላት ከሥራዋ ይሁን ከምላሷ እስካሁን አልተጣራም፤ ለማጣራት የደፈረም የለም። እግሮቿ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታዘዙላትም። የቀረው አካሏ ግን እኔን ሲያዝ ይውላል። ዊልቸሯን የምገፋው እኔ ነኝ።

አዲሱ አስፋልት እስኪመጣ ድረስ ሰላም ነበርን። መንገዱ ሲሠራ በአፈርና በድንጋይ ተሞልቶ ተሞልቶ ከጣሪያችን ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረው። ከታች ለቀረነው ደግሞ ቀጥ ያለ የሲሚንቶ ደረጃ ሠሩልንና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አክስቴ ጨርቅ ለመግዛት ገበያ መውጣት ቀረባት። ደንበኞቿም ደረጃውን ቁልቁል እያዩ «ሌላ ቀን» ማለት ለመዱ። የስፌት መኪናዋ አቧራ ለብሶ ሳየው አንጀቴ ያርር ነበር። ማዘጋጃ ቤት ሄደን አቤት ብንል ጆሮ ዳባ ልበስ አሉን።

አንድ ቀን ታዲያ ከዚያው ማዘጋጃ ቤት ጥሪ መጣ። «ማንንም ወደኋላ የማይተው ልማት» በሚል ርዕስ ውይይት አለ፣ አካል ጉዳተኞች በሙሉ ተጋብዘዋል ተባለ። ጎረቤት ጠርተን አክስቴን እንደ ቁም ሣጥን ተሸክመን አስፋልቱ ላይ አወጣናት። እዚያ ስንደርስ ስብሰባው አራተኛ ፎቅ ላይ ኖሯል።

«ሊፍት የለም?» አልኩት ጥበቃውን።

«እንዴት አይኖርም!» ብሎ በኩራት ከፈተልኝ። እስከ ጣሪያው በተጠቀለለ ባነር ታጭቋል።

«አይሠራም ማለት ነው?»

«አሳምሮ ይሠራል እንጂ! ግን ዕቃ ቤቱ ጠቦናል። ባነሩ የት ይደር?»

ጥበቃዎቹ አክስቴን ተሸክመው ወጡ። እነሱ ያለከልካሉ፣ እሷ «ቀስ፣ ቀስ፣ ግድግዳውን እንዳትልጡት» ትላለች።

አዳራሹ በሠራተኛ ሞልቷል። ከተጋባዦቹ የተገኘችው አክስቴ ብቻ ነበረች። ኃላፊው፣ ሱሪው ጥብቅ ያለ ወፈር ያለ ሰው፣ ማይክራፎኑን አንስቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በደረጃው ምክንያት ወደዚህ መውጣት ያቃታችሁ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ።»

ማንም እጁን አላወጣም።

«እንግዲህ ችግር የለም ማለት ነው» አለ። ተጨበጨበ።

አክስቴ ማይክራፎኑን ተቀብላ ነገሯን በአጭሩ ተናገረች። ደረጃው ፈርሶ ለዊልቸር የሚሆን ዘንበል ያለ መውጫ፣ ራምፕ የሚሉት፣ ይሠራልኝ፤ ካልሆነ እንጀራዬ ተዘግቶብኛል አለች።

«ተይዟል እናቴ። በቀጣዩ ዕቅድ እናየዋለን።»

ላም አለኝ በሰማይ! ብሽቅ ብዬ ልነሳ ስል አክስቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝና ተቀመጥኩ።

ስብሰባው ሲያልቅ ኃላፊው ፎቶ አንሺውን ጠራና «እናታችንን በገዛ እጄ ነው የማወርዳቸው!» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። ጎንበስ ብሎ ዊልቸሩን ጨበጠ፣ ወገቡን አጠነከረ፣ ቀና ሊል ሲል ቸርርር አለ። ሱሪው ከቀበቶው ጀምሮ ለሁለት ተከፈለ።

ኃላፊው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቀረ። «ወይ ጉዴ! ከሰዓት በኋላ ከንቲባው ይመጣሉ!»

አክስቴ ቅዳዱን በባለሙያ ዐይን አየችው። «በእጅ መርፌ አይመለስም ልጄ። መኪና ይፈልጋል። መኪናዬ ደግሞ ቤቴ ነው።»

ሊፍቱ ውስጥ የነበረው ባነር ሁሉ ተራግፎ ወጣ። ከመካከሉ ሰፋ ያለው ተመርጦ ኃላፊው ላይ ከወገቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተጠመጠመ። ሊፍቱ ባዶ ሆነና ሁላችንም ተሳፍረን ወረድን።

«ለካ ይሠራል!» አለ ኃላፊው እየተደነቀ።

በቢሮው መኪና ሠፈራችን ደረስን። ጎረቤቶች አክስቴን ተሸክመው ወረዱ። ኃላፊው ግን ባነሩ ጉልበቱን አስሮት አንድ ደረጃ እንኳ መራመድ አልቻለም። ቁልቁል አየና ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ይህን ደረጃ የሠራው የትኛው ደንቆሮ ነው?»

«እናንተ ናችሁ» አልኩት። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

አማራጭ ስላጣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወረደ። ሠፈርተኛው በየበሩ ቆሞ አየው።

ቤት ገብቶ ከመጋረጃው ጀርባ ሱሪውን አቀበለን። አክስቴ አቧራውን እፍ ብላ መኪናውን አስጮኸችው፤ ለሷ እንዲህ ያለው ቅዳድ ሥራም አይባል። ጨርሳ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ከዚያ ሱሪውን አጣጥፋ ዊልቸሯ ላይ አደረገችና ተቀመጠችበት።

«አለቀ እናቴ?»

«አልቋል።»

«እንግዲያው ይስጡኛ!»

«ተይዟል» አለች አክስቴ። «በቀጣዩ ዕቅድ እናየዋለን።»

ከመጋረጃው ጀርባ ኃላፊው ለመንገዱ መሐንዲስ ስልክ ሲደውል ተሰማ። መሐንዲሱ ስለ ጥናት ሊያወራ ሞከረ መሰለኝ፤ ኃላፊው «የምን ጥናት! ሱሪዬ ተይዟል እኮ ነው የምልህ!» ብሎ ጮኸ። አስፋልቱ ዳር የእግረኛ መንገድ ሲሠሩ የነበሩት ሠራተኞች ብዙም ሳይቆዩ ዶማቸውን ይዘው መጡ። አክስቴ በመስኮት ደረጃው ሲፈርስ በዐይኗ አይታ ሱሪውን አስረከበች። ደረጃው ስለፈረሰም ኃላፊውን እንደ ቁም ሣጥን ተሸክመን አወጣነው።

በደረጃው ቦታ የተሠራው ራምፕ ሲሚንቶው በደንብ የደረቀ ዕለት አክስቴ በማለዳ ለባብሳ ወጣች። እንደ ልማዴ የዊልቸሩን እጀታ ያዝኩ።

«ልቀቂ» አለችኝ።

ለቀቅኩ። ጎማውን በእጆቿ እየገፋች፣ እያረፈች፣ እየተነፈሰች ወጣች። አስፋልቱ ላይ ስትደርስ እንኳ ዞር ሳትል ወደ ገበያው መንገድ ተጠመዘዘች። እኔ ከታች ቆሜ ቀረሁ። እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ፤ እንባዬም መጣ። አክስቴን ብቻዋን ስትሄድ አይቻት አላውቅም ነበር።

ከላይ ድምፅዋ መጣ፦ «አንቺ! ምን ይገትርሻል? ዘንቢሉን ማን ሊይዝልኝ ነው?»