የተጨበጨበለት ድክመት

የቀበሌያችን ሊቀመንበር አትናቴዎስ የታናሽ እህቴ የጌታነሽ ባል ነው። ይመታታል። አራት ዓመት ሙሉ እያወቅሁ ዝም ያልኩት እሷ እግሬ ላይ ወድቃ ስለለመነችኝ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ከጆሮዋ ደም ሲወርድ አየሁ፤ በቃኝ።

ግምገማ ተጠራ። ሹም ሕዝብ ፊት ቆሞ ድክመቱን የሚናገርበት ስብሰባ ነው። ሰው ባናውን ተከናንቦ አዳራሹን ሞላው።

አትናቴዎስ ተነሣና "የጊዜ አጠቃቀም ችግር አለብኝ። ሪፖርት አዘገያለሁ" አለ።

ከወረዳ የመጣው ሰብሳቢ "ሌላስ? ሕዝቡ ይጨምርበት" ሲል እጄን አወጣሁ።

"ሚስቱን ይመታል።"

"ኧረ ጥሩሸዋ! የቤት ገመና እዚህ ይወራል?" አለ አንዱ ከኋላ።

"ዝም በል፣ ያንተም ተራ ይደርሳል!" አልኩት።

ሰው ሳቀ። እኔ ይክዳል ብዬ ጎረቤታቸውን አስካለ ማርያምን ለምስክር ይዤ መጥቻለሁ። እሱ ግን አልካደም።

"ሂሱን ተቀብያለሁ" አለ፣ ሪፖርት አዘገያለሁ ባለበት በዚያው ድምፅ። "አንዳንዴ ቁጡ ነኝ፣ እጄን እሰነዝራለሁ። አሻሽላለሁ።"

ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ "ድክመቱን እንዲህ በግልጽ የሚያምን አመራር ብርቅ ነው" አለና አጨበጨበ። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ! ጸሐፊው ድምፁን ከፍ አድርጎ "ተራ ቁጥር ሦስት፣ ቁጡነት" እያለ ጻፈ። ቁጡነት! የእህቴ ጆሮ ደምቶ፣ ቁጡነት!

ዞሬ ጌታነሽን ፈለግኳት። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፍና ታጨበጭባለች። በሰው መሀል አልፌ አጠገቧ ደረስኩ።

"ምን እያደረግሽ ነው አንቺ?"

"እያየኝ ነዋ፣ እትዬ።"

ቀና ብዬ አየሁ። እውነቷን ነው። አትናቴዎስ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል እሷን ብቻ ነበር የሚያየው። አጋለጥኩት ብዬ እሷ ላይ ጦስ እንዳመጣሁባት ያኔ ገባኝ። ዛሬ ቤቱ ከገባች አበቃላት።

እጇን ያዝኩ። "ተነሽ።"

"የት?"

"እኔ ቤት።"

"እናታችን፣ ስብሰባው አላለቀም፤ ይቀመጡ እንጂ" አለ ሰብሳቢው።

"እናንተ ጨርሱት" አልኩት።

ጌታነሽ ተነሣች። በሩ ጋ ስንደርስ አትናቴዎስ በማይኩ "ጌታነሽ" ብሎ ጠራት፣ ድምፁን አለስልሶ። ሳትዞር ወጣች።